በሮዌና በር ላይ የተሰቀለው ቁጥር

አውራጃው ሮዌና ቲልደንን ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቃት የት እንደምትኖር ነው። አሁን ይሄ ሰው ይጠየቃል? አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በሰሜን ካሊፎርኒያ ጫካ፣ ማድሮን ሸንተረር ላይ ስትኖር ለገዛ እህቷ እንኳ ቦታውን ትንፍሽ ያላለች ሴት፣ ድንገት ተነሽና በርሽ ላይ ቁጥር ስቀይ ተባለች። ቁጥሩ ደግሞ ከስንዝር ያላነሰ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ፣ ከመንገድ የሚታይ ይሁን አሏት። ሰቀለችው። 4170 ይላል። ሲመሽ እያወረደች ሲነጋ እየሰቀለች ሁለት ወር ኖረች እንጂ፣ መስቀሉንስ ሰቅላዋለች።

እርሻዋ ካናቢስ ነው። እሷና ባሏ ኦሪን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣቶች ሆነው ወደዚህ ጫካ ሲመጡ ይህ ተክል ሰው ያሳስር ነበር። ሄሊኮፕተር ከላይ ይዞርባቸዋል፣ ፖሊስ ከታች ይመጣባቸዋል። የዓመት ልፋታቸው ተነቅሎ ሲቃጠል ቆመው አይተዋል። ኦሪን አሥራ አራት ወር ታስሯል። ከዚያ አንድ ቀን ሕጉ ተቀየረ ተባለ። ትናንት ወንጀል የነበረው ዛሬ ንግድ ሆነና፣ ያ ሲያሳድዳቸው የኖረ አውራጃ ዓይኑን በጨው አጥቦ ፎርም ይዞ መጣ። ሙይና ፈቃድ እንሰጥሻለን አላት።

የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ የማድረቂያ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፣ እሳት ቢነሳ ሰው አያስወጣም፣ ወደ ውጭ ይከፈት አለ። ገልብጣ አስገጠመችው። ሁለተኛው መጣና ወደ ውጭ መከፈቱ ደግ ነው፣ ግን ጠቧል አለ። ግድግዳ አፍርሳ አሰፋችው። ሦስተኛው በሩን ዞር ብሎም አላየው፤ ለእሳት ብቻ የሚቀመጥ ውኃ የታለ ብሎ አንድ ትልቅ ታንከር ከነቧንቧ መግጠሚያው አዘዘባት። ይኸው ሰውዬ ግሪን ሃውስ ገብቶ፣ ተባይ እንዲያባርርላት ጥግ ጥጉን የተከለችውን ቅጠል በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ "ይሄኛው ዝርያ ምን ይባላል?" አላት።

"በሶብላ" አለችው።

ጻፈው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሶብላ ብሎ ፎርሙ ላይ ጻፈው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አርባ ዓመት ቅጠል ያደረቀችውን ሴት ስለ ማድረቅ የሚያስተምራት።

ግን የሮዌና ንዴት የበርና የታንከር ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሳድባ ይወጣላት ነበር። የእሷ ከዚያ ይብሳል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኦሪን ማድረቂያ ቤት ውስጥ ቅርንጫፍ እየሰቀለ ሳለ ደረቱን ያዘና ተቀመጠ። ትንሽ ልረፍ አላት። ስልክ ደወለች፤ የመንገዱን መታጠፊያ፣ የወንዙን ድልድይ፣ የባሏን ስም፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አምቡላንሱ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። የመጣውም በላይ በኩል፣ በግንድ ጫኞች መንገድ ዞሮ ነው። ሲደርስ የኦሪን እጅ እጇ ውስጥ በርዶ ነበር። ለምን ዘገያችሁ ስትል መንገድ ስተን ነው አሏት። ሰው ሊያስሩ ሲመጡ አንድም ቀን መንገድ ስተው የማያውቁት ሰዎች፣ ሰው ሊያድኑ ሲመጡ መንገድ ሳቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ አውራጃ የሚለውን ቃል ሳትተፋ አፏ ላይ አታነሳውም።

ታዲያ ፈቃዱን ለምን ፈለገችው? ስለ ኦሪን ነው። ኦሪን ዕድሜውን ሁሉ የሸንተረሩን ምርጥ የካናቢስ አበባ አብቅሎ፣ አንድም ሰው ስሙን ሳይጠራለት ተደብቆ ሞተ። እሷ አበባው በሚሸጥበት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት አሳትማለች። "የኦሪን" ይላል፣ ሌላ ምንም አይልም። አልጋዋ ሥር በካርቶን አስቀምጣዋለች። ያ ወረቀት ተለጥፎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሱቅ መስኮት ላይ ሳላይ አልሞትም ብላለች። እስከ ዓርብ የመጨረሻው የእሳት ደኅንነት ፊርማ ካልተገኘ ደግሞ ጊዜያዊ ፈቃዷ ይሰረዛል። ለመቆረጥ አሥር ቀን የቀረው ሁለት መቶ ተክል ዓይኗ እያየ ተቆርጦ ይቀበራል። በስልሳ ሰባት ዓመቷ እንደገና የምትጀምርበት ጉልበት የላትም።

የመጨረሻው ፍተሻ ሐሙስ ተባለ። ሮዌና ለጎረቤቶቿ ሁሉ ተናገረች፤ መንገዱ የጋራ ነው፣ ታች አስፋልቱ ጋ ያለው የብረት በርም የጋራ ነው። እዚያ በር አጠገብ የሚኖረው ሌላንድ ሞስ ነው፤ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ሰማያዊ ኮፍያ ከራሱ የማይለይ ሽማግሌ። ሌላንድ ፈቃድ የሚባለውን ነገር አይወደውም፣ "እነሱን ቤትሽ አስገብተሽ ደግሞ ቡና ልታፈዪላቸው ነው?" ብሏታል። ግን ለእሷ ሲል ሐሙስ በሩን ክፍት ሊያደርገው ቃል ገባ። ሌላንድ ለሮዌና እምቢ አይልም። ኦሪን ከሞተ ወዲህ በየሳምንቱ እንጨት ይፈልጥላታል፣ የውኃ ፓምፗን ይጠግንላታል፣ ምሳ ብላ ስትለው እንኳ አይቀመጥም። ደግ ሰው ነው ስትል ኖራለች።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ከአውራጃው ተደወለ። "ሐሙስ አይመቸንም፣ ሰውዬው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይመጣል። ካልሆነ የሚቀጥለው ወር ነው" አሏት።

"የሚቀጥለው ወር ምን ላሳየው ነው? መቃብሩን?"

"ነገ ሦስት ሰዓት፣ ወይዘሮ ቲልደን።"

ስልኩን ዘጋችና በአካባቢው አለ የተባለውን ስድብ ሁሉ አወረደችባቸው። ከዚያ መጥረጊያ አንስታ ማድረቂያ ቤቱን እስኪመሽ ስትጠርግ ዋለች። በንዴቷ ብዛት ቀኑ መቀየሩን ለሌላንድ መንገር እርግፍ አድርጋ ረሳችው።

ረቡዕ ጠዋት የኦሪንን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሳ፣ የእሳት ማጥፊያዎቹን በየቦታቸው አቁማ ጠበቀች። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸና ተቋረጠ።

ሁለት ጊዜ ጮኾ የሚቋረጥ ስልክ ማድሮን ሸንተረር ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመንግሥት መኪና መንገዱ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ስልኩ አይነሳም። ታች ያለው በሩን በሰንሰለት ይቆልፋል፣ ከዚያ ቀጥሎ ላለው ቤት ሁለት ጊዜ ይደውላል፣ ያም ለቀጣዩ ይደውላል። ጄኔሬተር ይጠፋል፣ በር ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ጫካ ይገባል። ዘጠኝ ቤት በሁለት ደቂቃ ጭር ይላል። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ተደርጓል።

ሮዌናም አደረገችው። ጭንቅላቷ ሳያስብ እጇ ጄኔሬተሩን አጠፋ፣ ለላይኛው ቤት ሁለት ጊዜ ደወለ። ጨርቄን ማቄን ሳትል ወደ በሯ ሮጠች፣ ቁጥሩን ከምስማሩ ነቀለችው፣ በሩን ቆለፈችና ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ተንበረከከች። ትንፋሿን ዋጠች። ከታች በኩል የመኪና ሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ቆየ፣ ቆየና እየራቀ ሄደ። እፎይ አለች። ከዚያ ጎንበስ ስትል ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ቆርቆሮ አየችው። 4170።

ክው አለች። ሌላ መኪና አይደለም እኮ፣ የራሷ ተቆጣጣሪ ነው። ሁለት ዓመት የለመነችውን ፈቃድ ሊፈርምላት የመጣውን ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ አሳለፈችው።

"አንቺ ደደብ" አለች ጮክ ብላ። "አንቺ የማትረቢ አሮጊት።"

የኦሪንን አሮጌ መኪና አስነስታ ቁልቁል ነዳችው። ታች ስትደርስ በሩ በሰንሰለት ተጠፍሯል፤ ሌላንድ ሞስ እጆቹን አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

"መለስኩት" አላት። "ነጭ ፒክአፕ፣ የአውራጃው ማኅተም ያለበት። ቲልደን የሚባል ሰው በዚህ የለም አልኩት።"

"የእኔ ተቆጣጣሪ ነው አንተ ሰውዬ። ክፈተው።"

"የአንቺ ሐሙስ አይደለም እንዴ?"

"ክፈት አልኩህ፣ ሌላንድ።"

ጓጉንቸሩን ከፈተ። እሷ አስፋልቱን ይዛ በረረች። ፒክአፑን ያገኘችው ድልድዩ ጋ ዳር ይዞ ቆሞ ነው። ሰውዬው መሪው ላይ ተደግፎ ይጽፋል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ደረቱ ላይ ኔስቶር ባራጋን፣ የእሳት ደኅንነት የሚል ስም ተለጥፏል። ሮዌና ከመኪናዋ ወርዳ መስኮቱን በጡጫዋ መታችው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ግን አውራጃ ፊቷ ቆሞ እያየች ይቅርታ ከየት ይምጣላት? ሁለት ዓመት የታመቀው ሁሉ ቱግ ብሎ ወጣ። "መንገድ ሳትኩ ልትል ነው አይደል? ሥራችሁ ነው። ስትፈልጉን ከሰማይ ታገኙናላችሁ፣ ስንፈልጋችሁ መንገድ ትስታላችሁ። ባሌ ደረቱን ይዞ ሲያጣጥር አምቡላንሳችሁ ሃምሳ ደቂቃ ዞረ። ሃምሳ ደቂቃ። ሰው እየሞተ። አሁን ደግሞ አንተ ቁጥሩን አጣሁት ብለህ ጻፍና ሂድ።"

ኔስቶር እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከመኪናው ወረደና ፊት ለፊቷ ቆመ።

"ጥቅምት ላይ ነው" አለ። "ኦሪን ቲልደን።"

"ስሙን ከየት አወቅኸው?"

"በትርፍ ጊዜዬ አምቡላንስ ላይ እሠራለሁ። የዚያን ዕለት እኔ ነበርኩ የምነዳው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መንገድ አልሳትንም፣ ወይዘሮ ቲልደን። ከተደወለ በአሥራ ሁለት ደቂቃ እዚያ በር ጋ ነበርን። ሰንሰለት ነበረው። ስሙን ጠርቼ ጠየቅሁ። በዚህ መንገድ እንደዚህ የሚባል ሰው የለም፣ ተሳስታችኋል አለኝ። አመንኩትና ሌላውን ሸንተረር ስዞር ቆየሁ።"

"ማነው እንዲህ ያለህ?"

"ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ። አሁንም ያንኑ አለኝ። ቃል በቃል።"

ሮዌና ዞራ ወደ በሩ አቅጣጫ አየች።

"ይህን ለአለቆቼ ነግሬያለሁ" አለ ኔስቶር። "መንገድ ስተን ነው በሉ አሉን፣ ከመንገዱ ሰዎች ጋር ጠብ አንፈልግም ብለው። እኔ ግን ሳልነግርዎት መቅረቴ ያሳፍረኛል።" ፎርሙን አነሳ። "መግባት አልተቻለም ብዬ ጽፌያለሁ፣ ግን ገና አላስገባሁትም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊዜ አለ። ነገር ግን በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ቁልፉ ያለ በር እያለ አልፈርምም። እፈርማለሁ ብዬ አልዋሽዎትም።"

"ተከተለኝ" አለችው።

ሌላንድ እንደ ልማዱ በሩን መልሶ በሰንሰለት ቆልፎታል፤ ከዚያም አልራቀም ነበር። ሁለቱን መኪኖች ሲያይ፣ ከዚያ ከፒክአፑ የወረደውን ሰው ፊት በደንብ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሮዌና መላጣውን ያየችው በኦሪን ቀብር ላይ ብቻ ነው።

"አምቡላንሱን አንተ ነህ የመለስከው?" አለችው።

"ነጭ ነበር፣ ሮዌና። ከኋላው የፖሊስ መኪና ነበር። ሊነቅሉን የመጡ መሰለኝ።"

"ስሙን ጠርተውልሃል።"

"ሁልጊዜስ ስም ጠርተው አይደል የሚመጡት?"

"መቼ አወቅህ?"

"የዚያኑ ዕለት። ሬሳው ሲወርድ።"

"ሁለት ዓመት እንጨት ስትፈልጥልኝ፣ ፓምፕ ስትጠግንልኝ፣ እኔ ደግ ሰው ነው ስልህ፣ አንተ ይህን ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ባልሽን ገደልኩት ልበልሽ?" ሽማግሌው ዓይኖቹ ቀሉ። "አንቺን ሳይ ምግብ አይወርድልኝም። ግን እኔ ከራሴ አላመጣሁትም እኮ። ወረቀቱ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። ኦሪን ከእስር በተፈታ በዓመቱ፣ የዘጠኙን ቤት ሰዎች ማዕድ ቤቷ ሰብስባ፣ ዘጠኝ ወረቀት በገዛ እጇ ጽፋ ያደለችው እሷ ናት። ስልኩን ሁለት ጊዜ ያለችው እሷ ናት። ከሥር ደግሞ፣ ሁለት ጊዜ አስምራበት፣ "ስም ጠርተው ከጠየቁ፣ ያ ሰው የለም በሉ" ብላ ጽፋለች። ኦሪን ያን ዕለት ወረቀቱን አንብቦ ስቆ ነበር። "እኔ ራሴ መንገድ ጠፍቶኝ ብጠይቅስ?" አላት። ቀልዱን ትተህ ሳሕን እጠብ አለችው።

የት ትሂድ እንግዲህ በዚህ ንዴት? ሁለት ዓመት አውራጃ ላይ ስትተፋ የኖረችው ሴት የምትተፋበት አጣች። ሌላንድን አየችው፣ ሰንሰለቱን አየችው። ከዚያ ወደ ኦሪን መኪና ሄዳ ከጭነቱ ላይ የብረት መቁረጫውን መቀስ አወጣች።

"ቁልፉ እኮ እዚሁ ነው" አለ ሌላንድ።

"ቁልፍህን አልፈለግሁትም።"

ሁለት ጊዜ አንሸራተታት፤ በሦስተኛው ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ከዚያ ትከሻዋን ከበሩ ሥር አስገብታ ከማጠፊያው ልታነሳው ገፋች። ከባድ ነው፣ አልተነቃነቀም።

"ሁላችንንም ልታጋልጪን ነው" አላት ሌላንድ። "የአንቺ ብቻ በር አይደለም። ላይ ያሉት ሰዎች እስካሁን ጫካ ውስጥ ናቸው።"

"ይውጡ። በቃን በላቸው።" ላቧ ዓይኗ ውስጥ ገብቷል። "ና ወዲህ፣ በዚያ በኩል አንሳ። አንድ ጊዜ እንኳ ይህን በር ለመክፈት አግዘኝ።"

ሽማግሌው ቀና ብሎ ወደ ጫካው አየ። ከዚያ ኮፍያውን ኪሱ ውስጥ ከቶ በሌላው ጫፍ ገባ። ሁለቱ እያቃሰቱ በሩን ከማጠፊያው ነቅለው ሣሩ ላይ ጣሉት። ኔስቶር ሊያግዝ ጠጋ ሲል ሮዌና በእጇ ከለከለችው። የቁጥሩን ቆርቆሮ ከመኪናዋ አውጥታ በበሩ ምሰሶ ላይ፣ ከአስፋልቱ በሚታይበት፣ በአራት ምስማር መታችው።

ኔስቶር መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሰዓቱን አየና ቁጥር ጻፈ። ሮዌና እየመራች አሮጌውን መኪና ወደ ላይ ነዳች።

ፍተሻው ብዙም አልፈጀ። በሩን ወደ ውጭ ከፈተ፣ በሜትር ለካው። የታንከሩን መግጠሚያ በራሱ ቱቦ ሞከረው። ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ቀኑን አየ። በሶብላውንም አየ፤ "ይሄ በሶብላ ነው" አለ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ማድረቂያ ቤት ውስጥ ኦሪን የተቀመጠባት በርጩማ ከቦታዋ አልተነሳችም። ኔስቶር በርጩማዋን ዞሯት አለፈ፤ አልነካትም።

ውጭ የመኪናው አፍንጫ ላይ ፎርሙን ዘርግቶ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ሞላ። አልፏል የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። የመጨረሻው ሳጥን ጋ ሲደርስ እጁ ቆም አለ።

"ይሄ ምንድነው?" አለችው።

"ከአስፋልቱ እስከዚህ ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። የእሳት መኪና ወይም አምቡላንስ ቢመጣ ማለት ነው። ስንወጣ ይዤው ነበር።"

"ስንት ሆነ?"

ሊነግራት አልፈለገም፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ግን ፎርሙ ላይ እሷም መፈረም አለባት።

"ሰባት ደቂቃ" አላት።

ሮዌና እስክሪብቶውን ተቀበለችው። አሥራ ሁለትና ሰባት አሥራ ዘጠኝ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ኦሪን በርጩማው ላይ ሆኖ ያወራት ነበር፤ ዝናብ ሳይመጣ የላይኛውን መደብ ቁረጪው ይላት ነበር። ስሟን ጻፈች። አድራሻ በሚለው ላይ 4170 ብላ ጻፈች።

ኔስቶር ከሄደ በኋላ በእግሯ ቁልቁል ወረደች። ሌላንድ የተነቀለው በር ላይ ተቀምጧል፣ አልሄደም። ቀና ብሎ አያት።

"አለፍሽ?"

"አልፌአለሁ።"

"ታዲያ ምን ሆነሻል?"

በሩ ላይ፣ ከጎኑ ተቀመጠች። ልትመታው ነበር የመጣችው፤ እጇ አልታዘዝ አላት።

"ሰባት ደቂቃ ነው፣ ሌላንድ" አለችው። "ከዚህ እስከ ላይ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው።"